በእጅ ማውጣት የማይወሰን ጉዳይ

በኒው ሃምፕሸር ተራሮች መካከል በምትገኘው በትንሿ ኮልድ ብሩክ ወሬ የፈለገ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳል። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና ስለሌለ፣ ያለውም የሌለውም የሳምንቱን ጥራጊ በገዛ መኪናው ጭኖ መምጣት ግዴታው ነው። ጠርሙሱን በአንዱ በርሜል፣ ካርቶኑን በሌላው እየጣለ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንዳገባች ሰምቶ ይመለሳል። ቤቱን ሊያጸዳ መጥቶ ጆሮውን ሞልቶ የማይሄድ የለም።

በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ አቶ ኦሪን ባችልደር አሮጌ ፒክአፓቸውን እያንገጫገጩ እዚያ ደረሱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማይቱን መንገድ ከበረዶ ሲጠርጉ የኖሩት እርሳቸው ናቸው፤ የትኛው ቤት በር ላይ ድንጋይ እንደተደበቀ፣ የትኛው ጥግ ላይ ቱቦ እንደሚዘጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። ቁጥብ ሰው ናቸው። «ደህና ነኝ» ካሉ ብዙ ተናገሩ ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት ኮሪን ዱፍሬን የእናቷን ቆሻሻ ጭና መጣች። ኮሪን የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ተመልሳ በከተማው ጽሕፈት ቤት ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ብልህ ልጅ ናት፣ ልቧም ደግ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፦ ያወቀችውን ነገር አፏ ውስጥ ማቆየት ያቅታታል። ዓይኗ የሽማግሌው መኪና ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አቶ ባችልደር! ይሄ የፖም መጭመቂያው አይደለም እንዴ?»

«ዓይንሽ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው ገመዱን እየፈቱ።

«ሊጥሉት ነው?»

«አልጥለውም። እዚያ ጎጆ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ የፈለገ ይውሰደው።»

ጎጆዋ የከተማው ሰው የማይፈልገውን ነገር ግን ለመጣል የሳሳለትን ዕቃ የሚተውባት ናት። አንዱ የተወውን መብራት ሌላው ደስ ብሎት ይዞ ይሄዳል። እዚያ የፖም መጭመቂያ የተወ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልታየም።

«ታዲያ በመጪው ዓመት የመንገዳችን ሰው ፖሙን ተሸክሞ የት ሊሄድ ነው? ሁላችንም የምንመጣው እርስዎ ግቢ አይደል?»

«በመጪው ዓመት እዚህ የለንም» አሉ አቶ ባችልደር፣ ዓይናቸውን ከገመዱ ሳያነሱ። «ቤቱን ልንሸጥ ነው። እዚያ ማንቸስተር ከተማ አንዲት ክፍል አይተናል። ሊፍት አለው።»

ሊፍት አለው ያሉበት ድምፅ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም። ግብሩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ጡረታው እዚያው ቆሟል። እስከ መቼ እንታገላለን?»

ይኸኔ ነው ኮሪን ያጠፋችው። ደንግጣም ነበር፣ አዝናም ነበር፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ድምፅ ከፍ ይላል።

«እንዴ! ለአረጋውያን የግብር ቅናሽ አለ እኮ! እርስዎ እኮ ዕድሜዎ ካለፈ ቆየ! ስምዎ ግን እኛ ዘንድ የለም፤ አንድም ቀን አመልክተው አያውቁም!»

ጠርሙስ ሲወረውር የነበረ ሰው ጠርሙሱን በእጁ እንደያዘ ቀረ። የመጣያው ጠባቂ በርናርድ አንገቱን አዞረ። የአቶ ባችልደር ፊት እስከ ጆሯቸው ቀላ። መጭመቂያውን ከመኪናው ጎትተው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ መኪናቸው ውስጥ ገቡና ሄዱ። ኮሪን አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ደንቡ የሚለውን ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት፤ የሰው ጉዳይ ከጽሕፈት ቤቱ በር አይወጣም። እርሷ ግን ቆሻሻ መጣያ መሃል አውጥታ ዘረገፈችው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ሳምንት ተደብቆ ያሳልፍ ነበር። ኮሪን ግን በርናርድን ለምና መጭመቂያውን መኪናዋ ላይ አስጫነችና ከሰዓት በኋላ የባችልደርን በር አንኳኳች።

የከፈቱላት ወይዘሮ ሎይስ ናቸው። ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ከዘራ ይይዛሉ፤ ምላሳቸው ግን ከዘራ አይፈልግም።

«ነይ ግቢ። መጭመቂያውን ይዘሽ መምጣትሽን በመስኮት አይቻለሁ። ሰውዬው ተኮራርፎ ቁጭ ብሏል፤ ምን እንዳደረግሽው አልነገረኝም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምሠራውን ቦሎቄ እንኳ አልቀመሰም። ቦሎቄ እምቢ ሲል ነገሩ ከባድ ነው።»

አቶ ባችልደር ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮሪን ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አቶ ባችልደር፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በሰው ፊት እንዲያ መናገር አልነበረብኝም። ጥፋት ነው። ሥራዬም አይፈቅድልኝም።»

ሽማግሌው አንድ እንጨት ምድጃው ውስጥ ጨመሩ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ተቀመጪ። ቦሎቄው ይበቃል።»

ወይዘሮ ሎይስ ሞላሰስ በሚባለው ጥቁር የስኳር ሽሮፕ የበሰለውን ቦሎቄና ጥቁሩን ዳቦ አቀረቡ። ኮሪን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ይቅርታ ብላ ዝም ብትል ኖሮ ያቺ ኮሪን አትሆንም ነበር።

«አሁን በሰው ፊት አይደለንም። ልጠይቅዎት ወይስ አልጠይቅዎት?»

«አትጠይቂ ብልሽ ትተዪኛለሽ?»

«አልተውዎትም።»

«እንግዲያው ጠይቂ።»

«ለምን አላመለከቱም?»

«ለማኝ ስላልሆንኩ» አሉ ሽማግሌው። «ኖሬ ኖሬ የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም። የሠራሁትን በልቻለሁ፣ ያለብኝን ከፍያለሁ። ስንኖርበት የኖርነውን ቤት ይዤ ለመቀመጥ ሰው ይደጉመኝ ብዬ አልሄድም።»

«ምጽዋት እኮ አይደለም። ሕግ ነው። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ በዚህ ክፍለ ሀገር ለዓመታት የኖረ፣ በገዛ ቤቱ የሚኖር፣ ገቢውና ንብረቱ ከተማው ከወሰነው ያላለፈ ሰው ግብሩ ይቀነስለታል። ንብረት ሲባል ደግሞ የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ቅናሹም ይጨምራል። አካል ጉዳተኛ የሆነና መንግሥት አበል የሚከፍለው ደግሞ ዕድሜው ባይደርስም የራሱ ቅናሽ አለው። የምነግርዎት ከራሴ አይደለም፣ ተጽፎ የተቀመጠ ነው።»

«የተጻፈ ሁሉ ለእኔ ተጻፈ?»

«ታዲያ ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለተቸገረ ነዋ!»

«ቤቱን የሚሸጥ ሰው ካልተቸገረ ማን ተቸገረ?»

ሽማግሌው ወደ ምድጃው ዞሩ። ወይዘሮ ሎይስ ዳቦ እየቆረሱ ፈገግታቸውን ደበቁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ኩራት መጥፎ ነገር አይደለም። ከተማን ከተማ ያደረጉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ያልሠሩበትን የማይፈልጉ፣ የሰው የማይነኩ። ችግሩ ኩራቱ የሰውን ድርሻና የራስን ድርሻ መለየት ሲያቅተው ነው።

«ኦሪን» አሉ ወይዘሮ ሎይስ፣ «ጎረቤታችን ፍሎይድ በእንጨት መሰንጠቂያው እግሩን ያጣ ጊዜ ምን ብለህ እንደተናገርክ ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም።»

«ታስታውሳለህ! በከተማው ስብሰባ ለአካል ጉዳተኞች ግብር ይቀነስ አይቀነስ የሚል ክርክር ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሲያመነታ፣ አንተ ተነሣህ። አንተ! ዓመቱን ሙሉ ከአፍህ ቃል የማይወጣው ሰውዬ። ‹እግሩን ማጣቱ ይበቃዋል፣ ቤቱን ደግሞ ለምን ያጣል› ብለህ ተቀመጥክ። ከዚያ በኋላ እጅ ያላወጣ ሰው አልነበረም።»

ኮሪን ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ዓይኗ በራ።

«አቶ ባችልደር፣ ያኔ እጅዎን ሲያወጡ ፍሎይድ ለማኝ መስሎ ታይቶዎት ነበር?»

«ፍሎይድ ከእኔ የተሻለ ሠራተኛ ነበር!»

«ታዲያ ለፍሎይድ መብት የሆነው ለእርስዎ እንዴት ልመና ሆነ?»

«የፍሎይድ ሌላ ነው። እግሩ...»

«የእርስዎ ደግሞ ዕድሜ ነው። ዕድሜም እንደ እግር ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

«ደፋር ነሽ አንቺ» አሉ ሽማግሌው፤ ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። ከዚያ የልባቸውን አወጡ። «ስሚኝ ልጄ። የዚህን ከተማ ስብሰባ ታውቂዋለሽ። ሁሉን ነገር በእጅ ማውጣት ነው የምንወስነው። አንድ ዓመት የበረዶ መጥረጊያዬ ምላጭ ተሰበረ። አዲስ ይገዛ አይገዛ ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። እኔ እዚያው ተቀምጬ! አንዱ ‹ኦሪን ሲነዳ ይፈጥናል› ይላል፣ ሌላው ‹ብየዳ ይበቃዋል› ይላል። ስለ ምላጩ ነው የሚያወሩት፣ ግን እኔን ነው የሚያገላብጡኝ። አሁን ደግሞ ጡረታዬን፣ የባንክ ደብተሬን፣ የሎይስን የመድኃኒት ወጪ አውጥተው ያንኑ አዳራሽ ውስጥ ‹ለኦሪን ባችልደር ይቀነስለት የምትሉ እጃችሁን አውጡ› ሲሉኝ? ሽማግሌ ሆኜ? አላደርገውም። ማንቸስተር ይሻለኛል።»

ኮሪን ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

«ለእያንዳንዱ ሰው... እጅ የሚወጣ መስሎዎት ነው?»

«አይወጣም?»

«አይወጣም!» አለች ኮሪን፤ ልትስቅ ፈልጋ የሽማግሌውን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ። በዚህ ፍርሃት ስንት ዓመት እንደተቃጠለ ገባት። «አቶ ባችልደር፣ ስብሰባው የሚወስነው ደንቡን ብቻ ነው። ገቢው እስከ ስንት፣ ቅናሹ ምን ያህል፣ ያንን ነው በእጅ የምትወስኑት። ማን ያግኝ ማን አያግኝ ግን አዳራሽ አይገባም። ወረቀትዎን የሚያዩት ከተማውን እንዲያስተዳድሩ የመረጥናቸው ሦስቱ ተመራጮች ናቸው፣ በሩ ተዘግቶ። ስለ ገቢዎና ስለ ንብረትዎ ያመጡት ማስረጃም ምስጢር ነው፤ ካዩት በኋላ ለእርስዎው ይመለሳል።»

አቶ ባችልደር በጥርጣሬ አይዋት። በአንድ ቃል የሚታለሉ ሰው አይደሉም፤ በተለይ ጠዋት መጣያው ላይ ከሰሙት በኋላ።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከዚህ መንገድ ቅናሹን የሚያገኝ ማነው?»

«አልነግርዎትም።»

«ፍሎይድ ጠይቆ አያውቅም አይደል? ለእርሱ እጅ አውጡ ሲባል በስብሰባ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ሳስበው ያሳዝነኛል።»

«ወይዘሮ ሎይስ፣ ትንሽ ቦሎቄ ቢጨምሩልኝ?»

«ፍሎይድን ነው የጠየቅኩሽ!»

«ቦሎቄው በጣም ይጣፍጣል» አለች ኮሪን፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሣ። ጉንጯ ቀልቷል። መናገር እያማራት እንደሆነ ያስታውቅባታል፤ ግን ጥርሷን ነከሰች። ያን ቀን በአደባባይ ያፈረሰችውን እምነት በዚያች ዝምታ መልሳ ሠራችው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «ይኸው ዝምም ትችያለሽ ለካ» አሉ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጢማቸው ሥር ሳቅ ነገር ታየ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ።

«አንድ ነገር ቀረሽ። ከእኔ የተቀነሰው ግብር የትም አይጠፋም። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ይፈልገዋል፣ መንገዱ ይፈልገዋል። እኔ ካልከፈልኩት አንቺ ትከፍዪዋለሽ። ወጣቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ሽማግሌው ልጆች ላይ ልጫን?»

ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም፤ ኮሪንም በቀልድ አላለፈችውም።

«እውነት ነው፣ እኛ ላይ ይወድቃል» አለች። «አልዋሽዎትም። ግን ለሁላችን ሲከፋፈል ለእያንዳንዳችን ትንሽ ነው። እኔ ትንሿን ጨምሬ ልክፈልና እናንተ እዚህ ብትኖሩ ይሻለኛል። ይህን ቤት የሚገዛው ማን መሰለዎት? በበጋ ሦስት ሳምንት መጥቶ የሚሄድ የቦስተን ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ መብራቱ ጠፍቶ የሚቆም ቤት። አዲሱ ነጂ በረዶ ሲጠርግ ቱቦው የት እንዳለ ማንን ይጠይቅ? እናቴ ስትወድቅ ማን ጋ ልደውል? ደግሞ እኔም አረጃለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ እጅ የሚያወጣ ሰው እንዲኖር፣ ዛሬ ሰው እዚህ መቅረት አለበት።»

ወይዘሮ ሎይስ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነበር፤ አንሥተው ያዙት።

«ኦሪን» አሉ፣ «እኔን ማንቸስተር ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«እሺ ያልሽ መስሎኝ...»

«ዝም ነው ያልኩት። አንተ ዝም ስትል ተስማማህ ማለት አይደለም፤ እኔስ? እዚሁ ቤት፣ ያ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው የተወለድኩት። እናቴ እዚያው ነው የሞተችው። በዚያ መስኮት ፖሞቹን እያየሁ ነው ሕመሜን የምችለው። ችግር ካላስገደደን መሄድ አልፈልግም። አልፈልግም።»

ሁለተኛውን «አልፈልግም» ሲሉ ወለሉን በከዘራቸው መቱ። አቶ ባችልደር ሚስታቸውን አዩዋቸው። ብዙ ዓመት አብረው ኖረው፣ ለክብራቸው ሲሉ የሚከፍሉትን ዋጋ ግማሹን ሎይስ እየከፈሉ እንደነበር ያን ቀን ገና አዩት። እጃቸውን ዘርግተው የሎይስን እጅ ያዙ።

«መነጽሬ የት ነው?» አሉ። «ይቺ ልጅ ሳትሄድ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ልጻፍ።»

አመለከቱ። ሦስቱ ተመራጮች በር ዘግተው አዩ፣ ፈቀዱ፣ ማስረጃቸውንም መለሱላቸው። የማንቸስተሯ ክፍል ለሌላ ሰው ሄደች፤ ከነሊፍቷ።

በመጋቢት ወር የከተማው ሰው እንደልማዱ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ሾርባና የፖም ኬክ ደርድረዋል። ወንዶቹ ከነቡት ጫማቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስለ እሳት አደጋ መኪናው ጎማ ብዙ ተባለ። ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው የሚከተለውን ጉዳይ አነበበ፤ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የግብር ቅናሽ የገቢ ገደብ ከፍ ይበል፣ ብዙ ሰው እንዲገባበት ይሁን የሚል ነው።

የመጣያው ጠባቂ በርናርድ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እጁ የተጨበጠ ነው።

«ሰብሳቢ፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የምንከፍለው እኛ ከሆንን ለማን እንደምንከፍል እንወቅ እንጂ!»

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ። ኮሪን ከጸሐፊው ጠረጴዛ ኋላ ሆና እስክሪብቶዋን ጨበጠች፤ መልስ እንዳትሰጥ ሥራዋ አስሯታል።

አቶ ኦሪን ባችልደር ተነሡ። አዳራሹ ዞር አለ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «በርናርድ፣ ማወቅ ከፈለግክ ይኸው አወቅክ። የነገረህ ማንም አይደለም፣ ራሴ ነኝ። ማንም የእኔን ኪስ እዚህ አልዘረገፈውም፤ ዓመታት ሙሉ ይዘረግፉታል ብዬ ፈርቼ፣ ቤቴን ልሸጥ ነበር። ሎይስን ከተወለደችበት ቤት ላስወጣት ነበር። በከንቱ ሐፍረት። እዚህ ውስጥ እንደ እኔ የሚያፍር ካለ፣ እኔ አፍሬለታለሁ፣ እሱ አይፈር። ይህን ነው የምለው።»

ተቀመጡ። ከዚያ በላይ በዓመት ውስጥ ተናግረው አያውቁም። በርናርድ ጢሙን እያሻሸ ቆየና «እንግዲያው ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው እጅ እንዲወጣ ጠየቀ። አቶ ባችልደር እጃቸውን ሲያነሡ፣ ከአጠገባቸው የብረት እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ፍሎይድ እጁን አውጥቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ምነው እስካሁን ቆየህ?» አለ። «እኔ እኮ አንተ ያን ቀን በተናገርክ ማግስት ነው ያመለከትኩት። እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ያለሁት በዚያች እጅህ ነው። ታውቅ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ባችልደር ዞረው ፍሎይድን አዩት። ሰብሳቢው ቆጥሮ ጨርሶ «አልፏል» ካለም በኋላ እጃቸውን ማውረድ ረስተው ነበር፤ ወይዘሮ ሎይስ ናቸው በከዘራቸው ጎሸም አድርገው ያስወረዷቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣያው ላይ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ወደ ኮሪን ቀረቡ። ሦስቱም ሊጠይቁ የመጡት «ለአንድ ጓደኛዬ» ነው። ኮሪን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሦስቱም ጓደኞች የሚያስፈልገውን ነገረች፤ ዕድሜያቸውን፣ የኖሩበትን ዘመን፣ የገቢያቸውን ልክ፣ የአካል ጉዳት አበል የሚመለከታቸው ከሆነም እርሱን። ስም አልጠየቀችም።

ፖሙ በደረሰ ጊዜ መጭመቂያው የባችልደር ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ፍሎይድ መዘውሩን ያዞራል፣ ኮሪን ፖሙን ትጨምራለች፣ በርናርድም አንድ ማሰሮ ይዞ መጥቶ ተራ ይጠብቃል። ወይዘሮ ሎይስ በዚያው በሚወዱት መስኮት ሆነው «ቀስ በል ኦሪን፣ ለሁሉም ይደርሳል!» እያሉ ይጮኻሉ። እርሳቸውም ቀስ ይላሉ።